የሌላውን ዕቃ አመስግኖ ስለ ማደር

ሰው በእጁ ያልሠራውን፥ በገንዘቡም ያልገዛውን የሌላ ሰው ዕቃ እያመሰገነ በሚከፈለው ዋጋ ቢኖር፥ የሚበላው እንጀራ የእውነት እንጀራ ነውን? ወይስ ቃሉን ለሌላ ያከራየ ስለሆነ በተናገረው ነገር አይጠየቅበትም? ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ በንግድ ዓለም የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲመረምር ከዋለ ማታ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል ይላሉ። እኔም ከሚሥቁት አንዱ ነበርሁ።

በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ከአራት ኪሎ ብዙ በማይርቅ ቦታ፥ ከአንድ ፎቅ በሦስተኛው ደርብ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የማስታወቂያ ሥራ ጀመርሁ። ማኅበርተኛ አልነበረኝም። ሠራተኞቼም ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው በኮምፒውተር ሥዕልና ጽሕፈት የሚያቀናብር ወጣት፥ ሁለተኛዋ ሒሳብ የምትይዝ፥ ደንበኛም የምታፈላልግ ልጅ ነበረች። ሥራችን በራሪ ወረቀትና ባነር ማሳተም፥ በኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚነገረውን ቃል መጻፍ፥ ኋላም ለሱቆችና ለትምህርት ቤቶች የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ መምራት ነበረ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ወደ እኛ አይመጡም፤ ወደ እኛ የሚመጡት ልብስ ሰፊው፥ ጫማ ሠሪው፥ አዲስ ክሊኒክ የከፈተው ሐኪም፥ ሙያ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሥራ ዛሬ ሰዎች ማርኬቲንግ ይሉታል። እኔ ግን ማስታወቂያ የሚለውን ስም እመርጣለሁ፤ የምመርጥበትም ምክንያት አለኝ።

ማስታወቂያ ማለት ማስታወቅ፥ ይኸውም ያልታወቀው ነገር እንዲታወቅ ማድረግ ማለት ነው። ዕውቀትና ማስታወቂያ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃሎች ናቸው። ሐሰት ይወራል፥ ይነዛል፥ አንዳንድ ጊዜም ይታመናል፤ ነገር ግን አይታወቅም። እንግዲህ ሐሰትን አስታወቅሁ የሚል ሰው ባልንጀራውን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም በደለ። ይህን ነገር ልብ ያልሁት ግን ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያ እንደ ሥራ ጓደኞቼ የምናገረው ሌላ ነበረ፤ «እኛ አዋጅ ነጋሪ ነን፤ ነጋሪት ጎሳሚው በአዋጁ አይጠየቅም፤ የሚጠየቅ ቢኖር አዋጁን የላከው ነው» እንል ነበር። አነጋገሩ ሲሰሙት ደኅና ይመስላል። ነገር ግን አዋጅ ነጋሪው የተላከበትን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገራል፤ ለእኛ ዋጋ የሚከፈለን ደግሞ ስለ መጨመርና ስለ መቀነስ ነው። ደንበኛው ወደ እኛ የሚመጣው ቃል አጥሮት ነው፤ ቃሉን ፈልገን የምንሰጠው እኛ ነን። ታዲያ ቃሉን የመረጠ ሰው እንዴት ሆኖ በቃሉ አይጠየቅም?

አሁን የራሴን በደል ልናገር።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት አንድ የግል የሙያ ማሠልጠኛ ያለው ሰው ወደ ቢሯችን መጣ። ትሑት ሰው ነበረ፤ ከክፍያውም ግማሹን በቅድሚያ ሰጠን። (ይህ በኛ ሥራ እጅግ ብርቅ ነው። ሥራው እንዲደርስለት ሲጣደፍ በር የሚሰብረው ደንበኛ፥ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ስልኩን እንኳ አያነሣም። ስለ ዱቤ መጻፍ ከጀመርሁ ግን ወረቀቱ ያልቅብኛልና ልተወው።) ሰውዬው በመስከረም ለሚከፈተው ትምህርት፥ ይልቁንም አዲስ ስለ ተጨመረው የምግብ ዝግጅት ሙያ፥ ተማሪዎች እንድናመጣለት ፈለገ። እኔም እንደ ልማዴ ጥያቄ አቀረብሁለት። «ተመራቂዎቻችሁ ሥራ አግኝተዋል?» አልሁት። «አምስት ያህል እንደያዙ አውቃለሁ፤ ከነሱም ሁለቱ እዚሁ እኛ ዘንድ ናቸው» ብሎ ፈገግ አለ። አምስቱ ከስንቱ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። «የአዲሱ ትምህርት የዕውቅና ፈቃድስ?» አልሁት። «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። በአገራችን በሂደት ላይ ነው የሚለው ቃል ነገ ያልቃል ማለትም ይሆናል፥ ከቶ አልተጀመረም ማለትም ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ አልመረመርሁም።

በዚያ ሌሊት «ተመራቂዎቻችን ሥራ ላይ ናቸው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ። አራት ቃል ብቻ ነው። በማግሥቱ ለሠራተኞቼ በኩራት አነበብሁላቸው። በውስጡ አንዲት ሐሰት የለችም። አምስት ሰዎች ብዙ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉምና፥ ተመራቂዎቻችን ማለት የሰዋስው ስሕተት እንኳ የለበትም። ስለ ፈቃዱም ሐሰት አልተናገርሁም፤ ስለ ፈቃዱ ምንም አልተናገርሁምና። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባል የለም?

ከፎቃችን ሥር፥ ከደረጃው አጠገብ፥ ቡና እያፈሉ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸው ሞታባቸው የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። በራሪ ወረቀት ባሳተምን ቁጥር ጥቂቱን ከረከቦታቸው ዳር እናስቀምጥ ነበር፤ ቡና የሚጠጣ ሰው ሲኒው እስኪቀዳለት ያነባልና። አንድ ቀን ጧት እማማ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ጠበቁኝ። ልጅቷ የዐሥረኛን ክፍል ፈተና ተፈትና ውጤቷ አላስቀጠላትም ነበር።

«ልጄ፥ ይህ ትምህርት ቤት ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ማስታወቂያውን የሠራነው እኛ ነን እኮ፥ እማማ» አልኋቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን መልሴን ተመልከተው። መልስ አይደለም። አዎን አላልሁም፥ አይደለምም አላልሁም። እርሳቸው ግን አዎን ብለው ሰሙት፤ እኔም አዎን ብለው እንዲሰሙት አድርጌ ተናገርሁት። ባለ ትምህርት ቤቱን በቢሮ ውስጥ ስጠይቀው የሰማሁትን ነገር ከኪሴ አውጥቼ ልሰጣቸው እችል ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዕቁባቸው በደረሳቸው ጊዜ 9,000 ብር ከፍለው ልጅቷን አስገቡ።

ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ የብቃት ምዘና ሊፈተኑ ቢሄዱ፥ የተማሩት ትምህርት ዕውቅና ስላልነበረው መዝጋቢ አጡ። ማሠልጠኛውም የምግብ ዝግጅቱን ክፍል ዘጋ፤ ገንዘቡ ለኪራይና ለደመወዝ ወጥቶ ነበርና የሚመለስ ነገር አልተገኘም። እማማ ይህን የነገሩኝ ቡናዬን እየቀዱ ነው። አልተቆጡም። «ፈተናው የላችሁም አሏቸው» አሉ፤ ትንሽም ቆይተው «አንተም አላወቅህም ይሆናል» አሉኝ። ይህን ያሉት እኔን ከኀፍረት ለማውጣት ነው። በሩን ከፍተው ውጣ አሉኝ ማለት ነው። እኔም ወጣሁ፤ ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁና ወጣሁ። ከበደሌ ሁሉ ዛሬ ይበልጥ የሚቆጠቁጠኝ ዐረፍተ ነገሩ ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ዝምታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዝምታ ብዙ አሰብሁ፤ የቀድሞ ሰዎችም አስበውበት ኖሮ አገኘሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የሮማው ተናጋሪ ሲሴሮ በአቴና ይማር ለነበረው ለልጁ ስለ ሰው ግዴታ አንድ መጽሐፍ ጽፎለት ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። በሮዴስ ደሴት ራብ ገብቶ እህል እጅግ ተወዶ ሳለ፥ አንድ ደግ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ደረሰ። በመንገድ ላይ ሳለ ብዙ እህል የጫኑ ሌሎች መርከቦች ከኋላው ወደ ሮዴስ ሲመጡ አይቷል። እንግዲህ ይህን ለሮዴስ ሰዎች ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ እህሉን በውድ ዋጋ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ዝም ቢል በደል የለበትም አለ፤ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ሕጉ ያዘዘውን ይናገር፥ አያታልል፤ ከዚያ በተረፈ ለሰሚው የሚጠቅመውን ሁሉ የመናገር ዕዳ የለበትም ሲል ተከራከረ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው ወንድሙ ነውና ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ማወቅ አለበት አለ። ሲሴሮም ወደ አንቲጳጥሮስ አደላ። ዝም ማለት ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር አንተ ለትርፍህ ስትል እንዳያውቀው ብታደርግ፥ መደበቅ ማለት ይህ ነው ብሎ ፈረደ።

ለዲዮጋንስም ቢሆን ፍርድ ሳንሰጠው አንለፈው። ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ይናገር ቢባል ገበያ አይቆምም። ጎረቤቴ ከኔ በ10 ብር አርክሶ ይሸጣል እያለ የሚሸጥ ማን ነው? ልብስ ሰፊው ክሩን ከየት እንደ ገዛው፥ ስንት እንዳተረፈበት ለደንበኛው ሊቆጥር አይገደድም። ገዢውም ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይከራከራል፥ ዞሮ ይጠይቃል። እኔ ግን ከእማማ ጋራ የነበርሁበት ቦታ እንዲህ አልነበረም። እርሳቸው ከኔ ጋራ አልተከራከሩም፥ አልገዙኝም፥ አልሸጡልኝም፤ ጠየቁኝ እንጂ። የኔን ዋጋ የከፈለኝ ባለ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ውል ያለኝም ከእርሱ ጋራ ነው። ሆኖም ያ ሰው የከፈለኝ ገንዘብ መጨረሻው ከማን ኪስ የሚወጣ ነበር? የማስታወቂያ ሠራተኛ ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንደኛው ቢሮው መጥቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፥ ሻይ ይጠጣል፥ ይጨቃጨቃል፤ ሁለተኛው ደረጃውን ወጥቶ አያውቅም፥ ስሙም በደረሰኝ ላይ አይጻፍም። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያው ሌት ተቀን ስሠራለት፥ ሁለተኛው መኖሩን እንኳ ልብ አላልሁም።

ከዚህ በኋላ አንድ መመዘኛ ለራሴ አወጣሁ። የጻፍሁት ዐረፍተ ነገር እውነት ነውን ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ደንበኛዬን ስጠይቀውና ሲመልስልኝ ያ ማስታወቂያውን የሚሰማው ሰው በክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቢሰማን ኖሮ፥ ዐረፍተ ነገሩ የሚያሳምነውን ነገር ያምን ነበርን? እማማ ያን ቀን ከወንበሩ በአንዱ ላይ ተቀምጠው «አምስት ያህል፥ ሁለቱ እኛው ዘንድ» የሚለውን ቢሰሙ፥ «በሂደት ላይ ነው» የሚለውንም ቢሰሙ፥ 9,000 ብራቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

ሕግስ የት አለ? የሚል ይኖራል። ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ ያደርገዋል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ደግሞ ሐሰተኛውን ብቻ ሳይሆን አሳሳቹንም ማስታወቂያ ይከለክላል። ሁለቱም ደኅና ሕጎች ናቸው። ነገር ግን አንዲት ቡና አፍልተው የሚያድሩ ባልቴት በአራት ቃል ዐረፍተ ነገር ክስ ይመሠርታሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የፍርድ ቤትን ደጅ አይቶ የማያውቅ ነው።

እንግዲህ በዚህ አኳኋን ተጸጸትሁና ጻድቅ ሆንሁ። የዚህን ጽድቅ ነገር ደግሞ ሳላወራው አላልፍም፤ ከኀጢአቱ ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ነውና። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ደንበኞችን መለስሁ። አንዱ ፀጉር ያበቅላል የሚል ቅባት የሚሸጥ፥ አንዱ በሦስት ወር እንግሊዝኛ አስጨርሳለሁ የሚል፥ ሦስተኛውን አሁን አላስታውሰውም። በመለስኋቸው ቁጥር ደረቴ ይነፋ ነበር፤ ለወዳጆቼም አወራ ነበር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የሠራተኞቼ ደመወዝ በ12 ቀን ዘገየ። ይህን ጊዜ ሒሳብ የምትይዘው ልጅ በሩን ዘግታ ከፊቴ ቆመች፤ አክባሪ ልጅ ናት፥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«ጋሼ፥ ንጽሕናው የርስዎ ነው፤ ጦሙ ግን የኛ ሆነ» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርስዋ ወንድሞቿን የምታስተምር ናት፤ ወጣቱም የቤት ኪራይ አለበት። እኔ የከለከልሁትን ገንዘብ ከራሴ ጕሮሮ የከለከልሁት መስሎኝ ነበር። ስታብራራልኝም፥ የመለስኋቸው ሦስቱ ሰዎች ከኛ ወጥተው ማዶ ካለው ፎቅ ወደ አንድ ሌላ ቢሮ እንደ ገቡና እዚያ እኛ ልንጽፍላቸው ከምንችለው ይልቅ እጅግ የባሰ እንደ ተጻፈላቸው ነገረችኝ። ወረቀቱንም አምጥታ አሳየችኝ። የፀጉሩ ቅባት በኛ ቢሮ ቢሆን «ፀጉርን ያለሰልሳል» ሊባል ይችል ነበር፤ ከማዶ ግን ራሰ በራነትን በ21 ቀን የሚፈውስ መድኃኒት ሆኖ ወጣ።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። «እኔ ብተወው ሌላው ይሠራዋል» የሚለው ቃል የሌባም መከራከሪያ ነው፤ በዚህ ቃል ሊጸድቅ የማይችል በደል በዓለም ላይ አይገኝም። ልጅቷም ክፉ ሥራ እንሥራ አላለችኝም። ያስተዋለችው ሌላ ነገር ነው፤ ደንበኛን መመለስ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ እንደሆነ፥ እኔም ቀላሉን መርጬ ከባዱን እንደ ሠራሁ አድርጌ መኵራራቴን ነው። ከባዱ ደንበኛውን አስቀምጦ ከሚፈልገው ያነሰ እንዲናገር ማግባባት ነው። ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል፥ ገንዘብም ያስወጣል፥ ብዙ ጊዜም አይሳካም።

አንድ ጊዜ ያህል ግን ተሳክቶልኛል። በመርካቶ ሸራ ተራ የሚሠራ አንድ ጫማ ሠሪ ነበረ። ሸራ ተራ የአዲስ አበባ ጫማ ሠሪዎች ብዙዎቹ የሚገኙበት ሰፈር ነው። ይህ ሰው በገዛ እጁ በሠራው ጫማ ውስጥ የጣሊያን ስም ያለበት ምልክት ይለጥፍ ነበር፤ እኛንም ይህንኑ የጣሊያን ስም እንድናስተዋውቅለት ጠየቀን። «ለምን የራስህን ስም አትጽፍበትም?» ብለው ሣቀብኝ። «ወንድሜ፥ ሐሰቱን የሚፈልገው ገዢው ነው። አዲስ አበባ የተሠራ ነው ስለው ከዋጋው ላይ ግማሹን ቀንስ ይለኛል። ጣሊያን ያለበትን ያንኑ ጫማ ግን አገላብጦ አይቶ፥ ስፌቱን አድንቆ ይከፍላል» አለኝ። ይህ አነጋገሩ እውነት ነበረና አሳዘነኝ። እኛ ገዢዎቹ የአገራችንን ሰው እጅ ስለምንንቅ፥ ያ ሰው የራሱን ሥራ እንደ ተሰረቀ ዕቃ በሌላ ሰው ስም ደብቆ ይሸጥ ነበር። ሐሰት ሲነገር አፍ ብቻ አይበቃም፥ የሚሻው ጆሮም ያስፈልጋል።

ሁለት ሳምንት ያህል ተነጋገርን። በመጨረሻ ከሚሠራው ጫማ በጥቂቱ ላይ የራሱን ስምና የስልክ ቍጥር ከሶሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ አተመ፤ በወረቀቱም ላይ «በስድስት ወር ውስጥ ሶሉ ከተላቀቀ ይዘው ይምጡ» ብለን ጻፍን። ሀብታም ሆነ ብል ሐሰት ይሆናል። በመጀመሪያው ክረምት ደንበኞቹ ጫማቸውን ይዘው እየመጡ ስልኩን አሰለቹት፤ እርሱም እኔን ይራገም ጀመር። ኋላ ግን የተመለሱትን ጫማዎች ደርድሮ ሲመረምር፥ የሚላቀቁት በአንድ ዓይነት ማስቲሽ የተጣበቁት ብቻ መሆናቸውን አየ። ከዚያ በፊት ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የተላቀቀበት ሰው ሁሉ ጣሊያንን እየሰደበ ዝም ይል ነበርና። ማስቲሹን ለወጠ። ዛሬም ከሚሠራው ጫማ ግማሹ በጣሊያን ስም ይሸጣል፤ ይህንንም ሳልናገር ብቀር ስለ ዝምታ የጻፍሁት ሁሉ በኔው ላይ ይመሰክርብኛል።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ታገደ። እኛ ከአንድ የመጠጥ አከፋፋይ የምናገኘው ገቢ ነበረን፤ እርሱም በአንድ ቀን ቆመ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋራ ተቀምጬ መንግሥትን አማሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን፥ ያ ሁሉ የሕሊና መመዘኛዬ ለጫማና ለትምህርት ቤት ሲሠራ በመጠጡ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶ አለመጠየቁን አስተዋልሁ። ገቢው ደኅና ነበራ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ አንድ ወጣት ነጋዴ መጣና «ለገጼ 10,000 ተከታይ ግዙልኝ» አለን። እንዲህ ያለው ነገር እንደሚሸጥ የዛሬ ወጣት ሁሉ ያውቃል፤ ሰው የሌለባቸው ስሞች በሺህ ተቈጥረው ይሸጣሉ። ይህን ጊዜ ከዚያው ከሲሴሮ መጽሐፍ ሌላ ታሪክ ትዝ አለኝ። ካንዮስ የተባለ አንድ የሮማ ሰው በሲሲልያ በሲራኩስ ከተማ ሊያርፍ ሄዶ፥ ለመዝናኛ የሚሆን የአትክልት ቦታ ልገዛ እፈልጋለሁ ይል ነበር። ፒትዮስ የተባለ ባለ ባንክ ይህን ሰምቶ ለነገው ራት ወደ ራሱ የአትክልት ቦታ ጠራው፤ ዓሣ አጥማጆችንም ሰብስቦ በዚያ ቀን ከቦታው ፊት ለፊት እንዲያጠምዱ ነገራቸው። ካንዮስ ሲመጣ ባሕሩ በጀልባ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱም ዓሣውን እያመጣ በፒትዮስ እግር ሥር ይጥላል። ፒትዮስም የሲራኩስ ዓሣ ያለው እዚህ ነው፥ እነዚህ ሰዎች ያለዚህ ቦታ መኖር አይችሉም አለው። ካንዮስ ጓጉቶ በተጠየቀው ዋጋ ገዛ። በማግሥቱ ወዳጆቹን ጋብዞ ማልዶ ቢመጣ አንዲት ጀልባ የለችም። ዓሣ አጥማጆቹ ዛሬ በዓል አላቸውን? ብሎ ጎረቤቱን ቢጠይቅ፥ እኔ የማውቀው በዓል የለም፤ እዚህ የሚያጠምድ ሰው ስለሌለ እኔም ትላንት ምን መጣ ብዬ ተደንቄ ነበር አለው።

ጀልባዎቹ እውነተኛ ጀልባዎች ነበሩ፤ ዓሣውም እውነተኛ ዓሣ ነበረ። እንደኔ ዐረፍተ ነገር አንዲት ሐሰት የለባቸውም። ነገር ግን ይህን ታሪክ ባነበብሁት ቁጥር ልቤን የሚይዙት ፒትዮስም ካንዮስም ሳይሆኑ ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ሲሴሮ በፒትዮስ ላይ ይፈርዳል፤ ስለነሱ ግን አይመረምርም። ለምን እንደ ተጠሩ ያውቁ ነበርን? ከመካከላቸው አንዱ «ዛሬ ይህ ሰው ለምን እዚህ አጥምዱ አለን?» ብሎ ባልንጀራውን ጠይቆ ይሆን? ወይስ ልጆች አሏቸውና መረባቸውን ጥለው፥ ዓሣቸውን አስረክበው ዝም ብለው ሄዱ? እኔ በዚያ ታሪክ ውስጥ ቦታዬን ብፈልግ የማገኘው ከነሱ ጀልባ በአንዱ ውስጥ ነው። ለወጣቱ ነጋዴ ተከታይ አልገዛንለትም፤ እርሱም ሄዶ ከሌላ ገዛ።

ስለ እማማ ጀምሬ ሳልጨርስ ቀረሁ። ጦሙ የኛ ሆነ የሚለውን ከሰማሁ በኋላ፥ በኅዳር 2011 ዓ.ም.፥ 9,000 ብር በፖስታ አድርጌ ወረድሁና ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኋቸው፤ አምስቱንም፥ ሁለቱንም፥ በሂደት ላይ ነው የሚለውንም። እየሰሙኝ ፍሙን ያራግቡ ነበር። ከጨረስሁ በኋላ «እንዲያስ ከሆነ ብትነግረኝ ይሻል ነበር» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ገንዘቡን ግን አልቀበልም አሉ። ያንተ ዕዳ አይደለም፥ የዚያ ሰው ነው አሉኝ። ልጅቷ በመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ተቋም ልትጀምር መሆኗን ስላወቅሁ ለመጓጓዣና ለደብተር ይሁናት ብዬ ለመንኋቸው። በመጨረሻ «በብድር ከሆነ እወስዳለሁ» አሉ።

እኔ ካሳ ነው እላለሁ፥ እርሳቸው ብድር ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። የሚከፍሉኝም በቡና ነው። ያን ጊዜ አንድ ሲኒ 5 ብር ስለ ነበረ፥ ዕዳው 1,800 ሲኒ ነው ብለው ልጅቷ በደብተር እንድትይዝ አደረጉ፤ በጠጣሁ ቁጥርም አንድ መስመር ይሰመራል። በኮሮናው ዘመን በ2012 ዓ.ም. ለብዙ ወር ተቋርጦ ነበር፤ በበዓልና እኔ በማልመጣበት ቀን አይቈጠርም። ከዚያ ወዲህ የቡና ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለ ጨመረ፥ በዛሬው ዋጋ ቢታሰብ ዕዳው ካለቀ ቆየ ብዬ ደጋግሜ ነገርኋቸው። እርሳቸው ግን የተበደርሁት አንዱ ሲኒ 5 ብር በነበረበት ጊዜ ነውና የምከፍለውም በዚያው ነው ይሉኛል። «አንተ ደግሞ ሒሳብ ከማሳመር አትመለስም» ብለውም ይሥቁብኛል። ዛሬ ጧት የጠጣሁት በደብተሩ 1,412ኛው ነው።